ዶበርማኑን ተዉት፤ ባለቤቱን ጥሩልኝ

በየቪላው በር ላይ የምትሰቀለዋን ቆርቆሮ ታውቋታላችሁ። ጥርሱን ያገጠጠ የውሻ ጭንቅላት፣ ከሥሩ በቀይ ቀለም «ኃይለኛ ውሻ አለ»። የሚያሰቅላት ሰው ሐሳቡ አላፊ አግዳሚውን ማስጠንቀቅ አይደለም፤ መኩራራት ነው። መጀመሪያ መኪናው፣ ቀጥሎ አጥሩ ላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከዚያ ውሻው። ውሻው ዶበርማን ሲሆን ደግሞ ወሬው ከሰፈር አልፎ ዕድር ድረስ ይሄዳል፤ «እገሌ እኮ ዶበርማን አስገባ!» እየተባለ።

እንግዲህ ሳልሸፋፍን ልናገር። በዚህ ከተማ ግቢዎች ውስጥ «ኃይለኛ» እየተባለ የሚፈራው ዶበርማን ከእናቱ ሆድ ኃይለኛ ሆኖ አልወጣም። ያከፋው ጌታው ነው። በሰንሰለት አከፋው፣ በብቸኝነት አከፋው፣ በዱላ አከፋው፤ ይባስ ብሎ በበርበሬ የሚያከፋውም አለ። ከዚያ ውሻው አንድ ቀን የሰው እጅ ሲዘነጥል «ድሮም ይሄ ዝርያ እኮ...» ይባላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ውሻው ይገደላል፤ ጌታው ብዙም ሳይቆይ ሌላ ቡችላ ይገዛል።

በእኛ መንደር አንድ አለ። የሰውየውን ስም ልተወው፤ ውሻው ግን ታይሰን ነው የሚባለው። ታይሰን የሚኖረው ከጋራዡ ጎን መሬት ላይ በተተከለ ብረት ታስሮ ነው። ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ ሣር የሚባል ነገር የለም፤ ወዲያ ወዲህ ሲል እየዋለ እያደረ መሬቱን ረግጦ ረግጦ ግማሽ ክብ አውጥቶበታል። በክረምት ጭቃ ነው፣ በበጋ አቧራ። አንገቱ ዙሪያ ፀጉሩ ተልጧል። ቤት ተብሎ የተሠራለት የቆርቆሮ ሣጥን በሩ ወደ አጥሩ ስለዞረ፣ ውስጥ ሲተኛ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ እንኳ አያይም። ምግቡ በግማሽ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ይመጣለታል፤ የተረፈ እንጀራ፣ ካለም ከሥጋ ቤት የመጣ አጥንት።

አሁን ማታ ማታ የሚሆነውን ስሙ። ጌትየው በሩ ላይ ደርሶ ክላክስ ያደርጋል። ጥበቃው በሩን አይከፍትም። መጀመሪያ ሮጦ ሄዶ ሰንሰለቱ መኖሩን ከራቅ ብሎ ያያል፤ ከዚያ ነው በሩ የሚከፈተው። መኪናው ይገባል። ጌትየው ግን አይወርድም። መስኮቱን ዘግቶ ቁጭ። «ታስሯል፣ ጋሼ!» ይላል ጥበቃው። ያኔ ነው ባለ ዶበርማኑ መሬት የሚረግጠው፤ እሱም ዓይኑን ከውሻው ሳይነቅል፣ በመኪናው ማዶ ዞሮ። በገዛ ገንዘቡ የገዛውን ውሻ ፈርቶ በገዛ ግቢው ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ሰው! ሌባው ውሻውን ገና አላየውም እኮ።

ከዚህ በፊት እዚያ ቤት ሌላ ጥበቃ ነበር። አሁን ሌላ ቦታ ሥራ ይዟልና ብናገር አይጎዳም። ታይሰን ጭራውን የሚቆላው ለእሱ ብቻ ነበር። ጋሼ ሲተኙ ይፈታዋል፣ ብርዱ ሲበረታ ጥበቃ ቤቱ ውስጥ አስገብቶ ጋቢው ጫፍ ላይ ያስተኛዋል፣ ሊነጋጋ ሲል መልሶ ያስረዋል። ሌባ ቢመጣ ውሻው የሚሞትለት ለዚያ ሰው ነበር፤ ለባለ ቪላው አይደለም። እሱ ከሄደ ወዲህ ታይሰንን የሚነካው ሰው የለም። አዲሱ ጥበቃ ጀሪካኑን በእንጨት ገፍቶ ነው የሚሰጠው።

ዶበርማን ለዚህ አልተፈጠረም። ጀርመን ውስጥ፣ ቱሪንገን በሚባለው አካባቢ፣ አፖልዳ የምትባል ከተማ አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ካርል ፍሪድሪሽ ሉዊስ ዶበርማን የሚባል ሰው እዚያ ግብር ይሰበስብ ነበር፤ ባለቤት አልባ ውሾችን የመያዝ ሥራም ነበረው። ግብር ሰብሳቢን የሚወድ አገር የለም። ገንዘብ ይዞ በየመንደሩ የሚዞር ሰው ደግሞ አብሮት የሚሄድ ጠባቂ ይፈልጋል። ዶበርማን ከያዛቸውና ከሚያውቃቸው ውሾች መካከል ደፋሩንና ንቁውን እየመረጠ አዳቀለ። ምኑን ከምኑ እንዳዳቀለ ጽፎ አልተወም፤ ሮትዋይለርና የጀርመን ፒንሸር እንዳሉበት ግን ብዙዎች ይስማማሉ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1894 ሞተ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1899፣ ኦቶ ጎለር የተባለው የአፖልዳ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ክበብ አቋቁሞ ዝርያውን መልክ አስያዘው፤ ያኔ እጅግ ቁጡ የነበረውን ጠባዩንም ማለዘብ ተጀመረ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ግብር ሰብሳቢው ውሻውን ቤት አስሮ አልሄደም። ይዞት ነው የሄደው። ዶበርማን ከመጀመሪያውም የሰው ጠባቂ ነው፤ የጋራዥ ጠባቂ አይደለም። አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከሰው ጎን እንዲሄድ፣ የሰውን ፊት እንዲያነብ፣ ጌታውን ከዓይኑ እንዳያጣ ሲመረጥ የኖረ እንስሳ ነው። እሱን ወስዶ ሰው በማያይበት ጥግ ማሰር አካሉን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ የተፈጠረበትን ምክንያት መንጠቅ ነው።

እኔ ቤት አንዲት ሴት ዶበርማን አለች። ወጥ ቤት ስገባ ወጥ ቤት ናት። መታጠቢያ ቤት ስገባ ደጃፉ ላይ ተጋድማ በበሩ ሥር ባለው ስንጥቅ ታሸተኛለች። ቆሜ ሰው ሳነጋግር መጥታ ጎኗን ጭኔ ላይ ትጥላለች፤ ሠላሳ ምናምን ኪሎዋን ለእኔ ትታ። ስልክ ላይ ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ጆሮዋን ጥላ ከክፍሉ ትወጣለች፤ የተቆጣሁት እሷን እየመሰላት። በክረምት ሹራብ አለብሳታለሁ፤ ሰፈርተኛው ይስቃል፣ ይሳቅ። ዶበርማን ፀጉሩ ነጠላ ነው፤ ሌሎች ውሾች ከሥር የሚያበቅሉት ሙቀት የሚይዝ ጸጉር የለውም። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ውስጥ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ይህን ውሻ በቆርቆሮ ሥር የሚያሳድር ሰው ራሱ በሸሚዝ ብቻ እዚያ አንድ ሌሊት ይደርና ያሳየኝ።

መልአክ ናት ግን አልልም። የማታውቀው ሰው ዘሎ ራሷን ሊደባብሳት ቢል ትሸሻለች፣ ትደርቃለች። ማታ አጥሩ ላይ ኮሽታ ከሰማች በደረቷ ነው የምትጮኸው፤ በእኔና በበሩ መካከል ትቆማለች፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ፀጉር ቀጥ ይላል። ታዲያ ያን ጊዜ አንድ ነገር ታደርጋለች። ዞራ ታየኛለች። ለአፍታ ነው። «ይሄ የእኛ ነው ወይስ የሌላ?» ብላ መጠየቋ ነው። «ተይ፣ እንግዳ ነው» ካልኳት ትተዋለች፤ አኩርፋም ቢሆን ትተዋለች። የዶበርማን ጠባይ የሚባለው ነገር ያለው እዚህ ውስጥ ነው፤ ጥርሱ ላይ አይደለም። ጠያቂ ውሻ ነው። ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት ሰው ይፈልጋል። ታይሰን ማንን ይጠይቅ? ጥያቄውን ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

ብልህ መሆኑም ለሰነፍ ጌታ መከራ ነው። ስታንሊ ኮረን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መጽሐፍ፣ የውሻ ታዛዥነት ውድድር ዳኞችን ጠይቆ ዝርያዎችን በደረጃ ሲያስቀምጥ ዶበርማን አምስተኛ ሆኗል። አምስተኛ ሲባል ደስ ይላል አይደል? ሥራ ያልተሰጠው ብልህ ውሻ ግን ለራሱ ሥራ ይፈልጋል። የበር እጀታ መክፈት ይለምዳል። አጥሩ የሚላላበትን ቦታ ያገኛል። ጥበቃው የሚያንቀላፋበትን ሰዓት ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ከወፍ ጋር ተነስቶ የሚያሮጠው፣ ቀን ላይ ጭንቅላቱን የሚያሠራው፣ ማታ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ከሌለው ያ ሁሉ ጉልበት ወዴት ይሂድ?

አሁን ወደ በርበሬው። «ውሻ እንዲከፋ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ አብላው፤ ጨለማ ክፍል ዝጋበት፤ ሰው አታሳየው፤ በእንጨት ቆስቁሰው» የሚል ምክር በየግሮሰሪው ይሰጣል። መካሪው ደግሞ ያልተማረ ሰው እንዳይመስላችሁ። ከረባት ያሰረ፣ ልጆቹን ውድ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ነው። የራሱን ልጅ ለስድስት ወር ጨለማ ክፍል ዘግቶበት ሲያበቃ «ጀግና እንዲሆን ነው» ቢል ፖሊስ ይዞት ይሄድ ነበር።

በርበሬ የውሻን ሆድ ያቃጥላል፤ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለም። ጨለማው ክፍል ግን ዕድሜ ልክ የሚቀር ጠባሳ ያሳድራል። ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ነው በዚህ ዓለም የሚያሰጋውንና የማያሰጋውን የሚለየው። በዚያ ጊዜ ሕፃን ልጅ ያላየ፣ ዣንጥላ የያዘ ቄስ ያላየ፣ ነጠላዋን ያጣፋች እናት፣ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት፣ ሞተር ሳይክል፣ ሊስትሮ ያላየ ቡችላ ሲያድግ እነዚህን ሁሉ ይፈራቸዋል። እናንተ ጀግንነት የምትሉት ያ ጩኸት፣ ያ ጥርስ፣ ያ ሰንሰለቱን የሚበጥስ የሚመስል ዝላይ፣ ብዙውን ጊዜ ፍርሃት ነው። የፈራ እንስሳ መጀመሪያ ይሸሻል። የታሰረ ግን የሚሸሽበት የለውም፤ ስለዚህ ይነክሳል። አሜሪካ ዴንቨር ከተማ ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት የነከሱ ውሾችን ካልነከሱት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የሚታሰሩት ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን በነካሾቹ ወገን ተገኝተዋል። ወንድ ሆኖ ያልተኮላሸ መሆንም ትልቅ ድርሻ ነበረው። «ይታሰር እንጂ፣ ሰው እንዳይነክስ» የምትሉ እዚች ላይ ትንሽ ቆም በሉ።

የዝርያው ባለሙያዎች ራሳቸው ክፉ ዶበርማን አይፈልጉም። ኤፍ.ሲ.አይ. የሚባለው ዓለም አቀፍ የውሾች ፌዴሬሽን ባጸደቀው መመዘኛ ፈሪ፣ ድንጉጥና ተናካሽ ዶበርማን ከውድድር የሚያስወጣ ጉድለት አለበት ይባላል። አሜሪካኖቹም ዓይናፋሩንና ክፉውን ዳኛው ከሜዳ ያስወጣው ይላሉ። የጀርመኑ የዶበርማን ማኅበር ውሻ ለማራባት ከመፈቀዱ በፊት ጠባዩን ይፈትናል፤ በሰው መሀል ያሳልፉታል፣ አጠገቡ ጥይት ይተኩሳሉ፣ ይደናገጥ እንደሆነ ያያሉ። እኛ አገር በኩራት በር ላይ የምንለጥፈው ጠባይ እነሱ ዘንድ የሚያስጥል ነው።

ጦርነት ያየ ዶበርማን እንኳ ሰው ይሆናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር በፓስፊክ ደሴቶች ላይ ያሰለፋቸው ውሾች አብዛኞቹ ዶበርማኖች ነበሩ። ለወታደሩ ሌሊት ይጠብቁለታል፣ ጫካ ውስጥ የተደበቀውን ጠላት ያሸቱለታል፣ መልእክት ያደርሱለታል። ጉዋም ላይ እ.ኤ.አ. በ1944 የወደቁ 25 ውሾች መታሰቢያ አላቸው፤ ሐውልቱ ላይ ጆሮውን አቁሞ የተቀመጠው ዶበርማን ነው። እነዚህን ውሾች ይመራ የነበረው የእንስሳት ሐኪምና መኮንን ዊልያም ፑትኒ እንደጻፈው፣ ከጦርነቱ ከተመለሱት 549 ውሾች መካከል ወደ ሰላማዊ ኑሮ መመለስ ያልቻሉት 4 ብቻ ናቸው። መድፍ ሲጮህበት፣ ሰው አጠገቡ ሲሞት ያየ ውሻ ተመልሶ ቤተሰብ መሀል ተኛ። የኛው ደግሞ አንድም ጥይት ሳይሰማ፣ ጋራዥ ጎን ታስሮ አበደ። ልዩነቱ ምን ይመስላችኋል? የጦር ሜዳው ውሻ አንድ ሰው ነበረው። አብሮት የሚበላ፣ ጉድጓድ ውስጥ አብሮት የሚያድር ወታደር።

እስካሁን ራሱን እየነቀነቀ ያነበበ የውሻ አፍቃሪ ካለ ተራው አሁን ነው። «ክፉ ዝርያ የለም፣ ክፉ ባለቤት እንጂ» የምትሉት ነገር ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ሰው ያስነክሳል። ዶበርማን በግ አይደለም። ወንዱ እስከ 72 ሴንቲ ሜትር ይቆማል፣ 45 ኪሎ ይደርሳል፣ ሲነሳ ደግሞ መቼ እንደተነሳ አይታወቅም። እንዲጠረጥር ተመርጦ የተራባ ውሻ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አሳድጋችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሕፃናት ኳስ በሚጫወቱበት ሜዳ ያለ ማሰሪያ ለቃችሁ፣ ወደ ሰው ልጅ ሲሮጥ ከኋላ «አይዞሽ፣ አይነካም! መጫወት ፈልጎ ነው!» እያላችሁ የምትጮኹ እናንተም ያው ናችሁ። እናትየው ልጇን አንስታ ደረቷ ላይ ስትለጥፍ «ወይኔ፣ ፋራ» ትሏታላችሁ። ያቺ ሴት ውሻችሁን የመውደድ ግዴታ የለባትም። በሕይወቷ ሙሉ ውሻ ማለት የእብድ ውሻ በሽታ ማለት በሆነበት አገር ነው ያደገችው፤ ፍርሃቷ በቂ ምክንያት አለው። ማሰሪያ ኪስ ውስጥ የምትቀመጥ ጌጥ አይደለችም። ሰው በሚበዛበት መንገድ ላይ የአፍ መሸፈኛ ማድረግም ውርደት አይደለም፤ ቀስ ተብሎ ከለመደ ውሻው ግድ አይሰጠውም፣ ግድ የሚሰጣችሁ እናንተ ናችሁ።

የሚነከሰው ማን እንደሆነም እንነጋገር፤ ሌባ ሲነከስ ብዙም አልሰማሁም። የሚነከሰው ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ልጅ ነው። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ናቸው። ኳሱ አጥር ዘሎ የገባበት የጎረቤት ልጅ ነው። ከሁሉም ይልቅ እዚያው ቤት የምትሠራዋ ልጅ ናት። አንዷን አውቃታለሁ። የልብስ ማስጫው ገመድ የተዘረጋው ልክ ውሻው በታሰረበት ጥግ በላይ ነበር፤ አንሶላ ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ ክንዷን ያዛት። ተሰፋ። እመቤቲቱ ያለቻት ምን ነበር? «ምን ቀልቃላ አደረገሽ፣ እንዳለ እያወቅሽ!» ባልየው ደግሞ ማሳከሚያውን በመቻሉ ምስጋና የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ገመዱን ማን ዘረጋው? ውሻውን ማን አሰረው? ክትባቱስ የት አለ ብላ ስትጠይቅ ወረቀቱ ጠፋ፤ ቆይቶም ጭራሽ እንዳልተከተበ ታወቀ።

ሕጉ ላይ «ገብቶ ነው»፣ «አምልጦኝ ነው» የሚባል ማምለጫ ሰፊ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይገመት ቢሆንም። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሕግ ነው። ያቺ ልጅ ግን ይህን የሚነግራት ሰው አልነበረም፤ ለደላላው የምትከፍለው ዕዳ ነበረባት፣ ክስ ማለት ሥራ ማጣት ነበር። ባለ ቪላዎቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

የእብድ ውሻ በሽታን ነገር እዚህ ላይ በቀልድ የማልፈው አይደለም። ምልክቱ አንዴ ከታየ ከሞት የሚያስጥል ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ጠበልም የሐበሻ መድኃኒትም ከመፈለጉ በፊት በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት ይጀምር። ውሻውን በየዓመቱ ማስከተብ ደግሞ ከዶበርማን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። በዚያ ሁሉ ብር ውሻ ገዝቶ ክትባት የሚሰስት ሰው የውሻ ባለቤት ሳይሆን ለጎረቤቱ አደጋ ነው።

ሻጮቹም አሉ። ቴሌግራም ላይ «ኦሪጅናል ዶበርማን፣ ጆሮ የተቆረጠ» እያሉ ዓይኑ በቅጡ ያልጠና ቡችላ ይለጥፋሉ። ከእናቱ ከስምንት ሳምንት በፊት የተነጠለ ቡችላ ከእናቱና ከወንድሞቹ ሊማረው የሚገባውን፣ ሲነክስ መቼ መላላት እንዳለበት፣ ሳይማር ነው የሚወጣው። ጆሮውንስ ማን ቆረጠው? እንደ ዕድል ሆኖ ሐኪም ከሆነ በማደንዘዣ፤ ካልሆነ ሁለት ሰው ይዞት በመቀስ። ከዚያ ሳምንታት ሙሉ በፋሻና በፕላስተር ይጠቀለላል፣ እንዲቆም። ለምን? አስፈሪ እንዲመስል። ዶበርማን በተገኘባት በጀርመን ጆሮ መቁረጥ እ.ኤ.አ. ከ1987፣ ጭራ መቁረጥ ደግሞ ከ1998 ጀምሮ ክልክል ነው። የጀርመን ዶበርማን ዛሬ ጆሮው እንደ ሌላው ውሻ የወደቀ፣ ጭራው ረጅም ነው፤ ያንን ውሻ እዚህ ብታመጡት «ክልስ ነው» ብለው ዋጋውን ይቀንሱባችኋል።

እውነተኛው ጉዳይ ደግሞ ጆሮው አይደለም፤ ልቡ ነው። ዶበርማን በልብ ጡንቻ መስፋት በሽታ እጅግ ይጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የአውሮፓ ጥናት፣ ከተመረመሩት 412 ዶበርማኖች መካከል በዕድሜያቸው ሂደት በሽታው የተገኘባቸው 58 በመቶ ደርሰዋል። አንዳንዱ ምንም ሳያሳይ፣ እየሮጠ ሳለ ወድቆ ይቀራል። ለዚህ ነው የተረዱት አርቢዎች የወላጆቹን ልብ በየዓመቱ የሚያስመረምሩት፤ የሃያ አራት ሰዓት የልብ ምት መመዝገቢያ አስረውለት፣ በአልትራሳውንድ አይተው። እዚህ ሻጩን «የአባቱ ልብ ተመርምሯል?» በሉት እስቲ። ይስቅባችኋል። «የአባቱን ቪዲዮ ልላክልህ፣ ሲናከስ የሚያሳይ» ነው የሚላችሁ። ጨጓራ መነፋትና መጠምዘዝም አለ፤ ደረቱ ጥልቅ የሆነ ውሻ በቀን አንዴ ሆዱ እስኪነረት በልቶ ወዲያው ከሮጠ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ጀሪካኑን አንዴ ሞልቶ ገፋ ማድረግ ምቹ ነው፤ ለጥበቃው ምቹ ነው።

እኔ ብሆን፣ ዶበርማን ልግዛ የሚለውን ሰው ገንዘቡን አልጠይቀውም። ከቤቱ ውስጥ የሚያድርበትን ቦታ ያሳየኝ፤ ግቢ አላልኩም፣ ቤት ውስጥ። ጠዋት ማን እንደሚያንሸራሽረው፣ ዝናብም ሲሆን፣ ጾምም ሲሆን፣ ሠርግም ሲሆን፣ ይንገረኝ። «ተቀመጥ»፣ «ና»፣ «ተው» የሚሉትን ነገሮች ሳይመታ የሚያስተምረው ማን ነው? ዶበርማን ዱላ አይረሳም፤ በምስጋናና በቁራሽ ሥጋ ግን ምንም ነገር ይማራል። ሠራተኛዋና ጥበቃው ከቡችላነቱ ጀምሮ ያውቁታል ወይስ እሱ ሲመጣ ክፍላቸው ይገባሉ? ልጆችስ፣ ሲበላ እንዳይነኩት፣ ሲተኛ እንዳይዘሉበት የሚቆጣቸው ሰው አለ? እነዚህን የማይመልስ ሰው ውሻ ሳይሆን ሐውልት ይፈልጋል፤ የሲሚንቶ ዶበርማን ይሥራለት፣ በሩ ላይ ጥሩ አድርጎ ይቆማል፣ አይበርደውም።

በቅርቡ ቤቱ የተሰረቀበት ወዳጄ ደወለልኝ። «ዶበርማን ልገዛ ነው፣ ሻጭ አገናኘኝ። ወንድ ይሻላል ሴት?»

«ማክሰኞ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቤት ማን አለ?» አልኩት።

«ምን አገናኘው? እኔ ሥራ፣ እሷ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። ጥበቃው አለ።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ ቢሾፍቱ እንወርዳለን፣ ታውቅ የለ።»

«እንግዲያው ውሻው የጥበቃው ሊሆን ነው። እሱን ጠይቀው፣ ይፈልግ እንደሆነ። ደግሞ ደመወዙ ስንት ነው?»

ነገረኝ። ያን ዕለት የጠየቁትን የቡችላ ዋጋ ለአሥራ ሁለት ወር ብታካፍሉት የጥበቃው ደመወዝ እጥፍ ይሆን ነበር። እንደዚያ አድርግ አልኩት፤ ሌሊት እንዳይተኛ ምክንያት ይኖረዋል። የጓሮውን መብራት ቀይር፣ የበሩን ቁልፍ ቀይር። ጩኸት ከፈለግህ ደግሞ ሁለት የሐበሻ ውሻ አምጣ፤ ለአገሩ ብርድ አዲስ አይደሉም፣ ኮሽታ አያመልጣቸውም፣ አስከትባቸው፣ በደንብ አብላቸው፣ እነሱንም አትሰራቸው።

ተቀየመ። «አንተ ይዘህ እኛን ትከለክላለህ?»

«አዎ» አልኩት። ስልኩን ዘጋብኝ። ሻጭ ማግኘቱ አይቀርም፤ ቴሌግራም ሞልቷል። ከእኔ ግን ቁጥር አያገኝም።